ሽማግሌዎቹ እንቢ ያሉ ዕለት

ኬልነር ፎልስ፣ ዊስኮንሲን
እሑድ፣ ማርች 1 ቀን 2026

የምወድሽ ልጄ ብሪታ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? እዚያ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ፣ ከክረምቱ ጨለማ በኋላ ፀሐይዋ ተመልሳላችሁ ይሆናል። እኛ ደኅና ነን። ወንዙ እስከ ግድቡ ድረስ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ዓሣ አጥማጆቹ መኪናቸውን በላዩ ይነዱበታል። አባትሽ ያን ባየ ቁጥር «አንድ ቀን አንዱ ይገባል» ይላል፤ እስካሁን የገባ የለም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን የአባትሽ ስም ሲነሣ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔም ስለ አየሩ ማውራት እጀምራለሁ። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። ካቻምና በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ ማንን እንደመረጠ ሲናገር ሹካሽን አስቀምጠሽ ተነሥተሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ አንቺም አልጠየቅሽው፣ እሱም አልጠየቀሽም። ማናችሁ ልክ እንደሆናችሁ ልፈርድ አይደለም የምጽፈው። የእኔን ታውቂዋለሽ፤ አንደኛው ወገን ሲመጣ እንቁላል ይወደዳል፣ ሌላው ሲመጣ የበሬ ሥጋ ይወደዳል፣ ሁለቱም በቴሌቪዥን ቀርበው ኢኮኖሚው አደገ ይሉናል። ሲያድግ በእኛ መንገድ አላለፈም።

አሁን ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ካየሁት ሳምንት ሆነኝ። አንቺ ሳታውቂው እንዲቀር አልፈለግሁም።

አድማ ላይ እንደሆንን ነግሬሻለሁ። ፋብሪካችንን ኦስትራንደርን እነዚያ የምሥራቁ ጠረፍ ባለገንዘቦች ከገዙት ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። የድሮ ሠራተኞቹ ከነጡረታችን አለን። ከእኛ በኋላ የተቀጠሩት ግን ያንኑ በመኪና ፊት የሚገጠም የበረዶ መጥረጊያ፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ፈረቃ እየሠሩ በጣም ያነሰ ይከፈላቸዋል፤ ጡረታም የላቸውም። «ለጊዜው ነው» ተብሎ የገባ ነገር ነው፤ ጊዜው አላልፍ ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ማኅበሩ አንድ ሥራ አንድ ደመወዝ ይሁን አለ። ፋብሪካው አይሆንም አለ። ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ በር ላይ በበርሜል እሳት እያነደድን ቆመናል።

አባትሽ ሁልጊዜ የሚቆመው ከጎርዲ ፔልኪ ጋር ነው። ጎርዲ የማንን የምርጫ ምልክት በግቢው እንደሚተክል ታውቂያለሽ፤ የአባትሽን የሌላኛውን ወገን ቀይ ኮፍያም ታውቂያለሽ።

«ሰውዬህ ቀረጥ ጣለ፣ ብረት ተወደደ። ፋብሪካው ደግሞ ብረት ተወዶብኛልና አልጨምርላችሁም አለን። ደስ አለህ?» ይለዋል ጎርዲ።

«ያንተዎቹስ ፋብሪካው ሁሉ ወደ ሜክሲኮ ሲጓዝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ያዩ አልነበር?»

«እሺ፣ እንጨቱን አቀብለኝ።»

«ራስህ አንሣ። እጅ የለህም?»

ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እሳቱን ይሞቃሉ። አንድ ቀን ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው መጣ። የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልነግርሽም፤ ወይ ትስቂያለሽ ወይ ትናደጃለሽ። የለበሰው የሥራ ጃኬት አዲስ ነው፤ የሱቁ እጥፋት ከነመስመሩ ደረቱ ላይ አለ። የእኛን የአድማ ሰሌዳ ዘቅዝቆ ይዞ ፎቶ ተነሣ። አባትሽ በጣም በትሕትና «አንተ የስንት ሰዓት ፈረቃ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ጎርዲ እስከ ዛሬ እየደጋገመ ይስቅበታል።

በጃንዋሪ መጨረሻ ፋብሪካው የጤና ኢንሹራንሳችንን አቋረጠ። ሕጉ ይፈቅድለታል አሉ። ስለዚያ በደረቴ በኩል ስላለው ነገር በገና ሰሞን ነግሬሽ ነበር። ዶክተር ሃልቮርሰን ቶሎ ይውጣ ብላ ነበር፤ መቼም ሐኪም ሁሉን ነገር ቶሎ ነው የሚል። ኢንሹራንሱ ሲቋረጥ ቀጠሮዬን ሰረዝኩት። ለአባትሽ አልነገርኩትም ነበር፤ ከሐኪም ቤቱ ደውለው እሱ አነሣው።

እንግዲህ ከሳምንት በፊት ዓርብ ፋብሪካው ሐሳብ አቀረበ። ለእኛ ለነባሮቹ ጥሩ ጭማሪ፣ ጡረታ ስንወጣ ጠቀም ያለ ክፍያ፣ ኢንሹራንሱም ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። ለወጣቶቹ ባለበት ይቀጥላል። ብልጥ ናቸው ልጄ፤ በቁጥር እኛ እንደምንበልጥ ያውቃሉ። ቅዳሜ ድምፅ ልንሰጥ ተጠራን።

ቅዳሜ ጠዋት አባትሽ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሞ የጸዳ ኩባያ ደግሞ ያጥባል።

«እቀበላለሁ» አለኝ ሳይዞር።

«ፓ ንያስ?»

«ፓ ንያ ወጣት ናት። ጤነኛ ናት። ሰኞ ኢንሹራንሱ ይመለሳል፣ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ትገቢያለሽ። አለቀ።»

ፓ ንያ ሾንግ ከእሱ ጋር የምትበይደው፣ ከላኦስ የመጡት የሕሞንግ ሰዎች ልጅ ናት። አባትሽን «ሽማግሌው» ትለዋለች፤ «ቀስ በይ፣ እሳት የተነሣ የለም» እያለ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ የሕፃን አልጋ ሠርቶ ወስዶላታል። ስለ እሷ ሲናገር ድምፁ እንደዚያ ሲደርቅ ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ውስጤ ግማሹ እፎይ ብሏል።

የማኅበሩ አዳራሽ ስለማይበቃን ስብሰባው አንቺ በተማርሽበት በሁለተኛ ደረጃው ጂምናዚየም ሆነ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሮዝ ዴካምፕ ሐሳቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ነባሮቹ በአንድ በኩል፣ ወጣቶቹ በሌላው በኩል ተቀምጠናል። እንዲህ ተቀመጡ ያለን የለም። ወጣቶቹ ወደ እኛ አያዩም፤ እኛም ጫማችንን ነው የምናየው። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል።

ሮዝ አስተያየት ያለው ካለ ስትል ፓ ንያ ተነሥታ ወደ ማይኩ ሄደች። እንግዲህ ልትሰድበን ነው አልኩ፤ ብትሰድበንም አልፈርድባትም ነበር።

«ረጅም ነገር አልናገርም» አለች። «እኛ ትናንት ለብቻችን ተነጋግረናል። ተቀበሉት። ከእናንተ ውስጥ የታመመ አለ፤ ማን እንደሆነም እናውቃለን። በእኛ ምክንያት ሐኪም ቤት ሳይገባ የቀረ ሰው አንድ ነገር ቢሆን ያ ደመወዝ እንዴት በጉሮሯችን ይወርዳል? እኛ እንጠብቃለን። ማንም አይቀየማችሁም። ተቀበሉት።» ይህን ብላ ማይኩን በቀስታ መልሳ ሰካችና ሄዳ ተቀመጠች።

ብሪታ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሻለሁ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የሚያስል እንኳ የለም። ያን ሁሉ ሰው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ የሰከረውን፣ ሚስቱን ያስቀየመውን፣ ጎረቤቱን የከሰሰውን፣ ሁሉንም። በዚያች ሰዓት ግን ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ከእኛ የሚበልጥ ነገር ገብቶ አጠገባችን የቆመ ያህል ፀጉሬ ቆመ።

ከዚያ አባትሽ ተነሣ። በዚያ ማኅበር ውስጥ ዕድሜውን ሲጨርስ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ አያውቅም። ማይኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ቆመና ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሰው ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ፊቱን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። የሚጠይቀኝ ገባኝ። እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁለት። አስቤበት አይደለም፤ ራሴ ራሱ ነው የተነቃነቀው።

«እኔ መናገር አልችልም» አለ። «የምንሠራው መጥረጊያ ሰፊ ነው። ፓ ንያ ከግራ ጫፍ መበየድ ትጀምራለች፣ እኔ ከቀኝ። መሐል ላይ እንገናኛለን። ከዚያ ሚስቴ ቀለም ትቀባዋለች። ከተቀባ በኋላ የፓ ንያ ብየዳ የት እንዳበቃ፣ የእኔ የት እንደጀመረ እኔ ራሴ አላውቀውም። ፋብሪካውም አያውቀውም። የሚያውቀው ደመወዝ ሲከፍል ብቻ ነው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ዛሬ ከቤቴ የወጣሁት እቀበላለሁ ብዬ ነው። ሚስቴ ምስክሬ ናት። ይቺ ልጅ ብትሰድበኝ ኖሮ ተቀብዬ እሄድ ነበር። ተቀበል አለችኝ። አሁን እንዴት ልቀበል?»

ሄዶ ተቀመጠ። እጁን ያዝኩት።

ድምፅ መስጠት ተጀመረ። ወረቀታችንን ይዘን ተሰለፍን፤ በዚያ ሰልፍ ነባርና ወጣት ተቀላቀለ። ቀይ ኮፍያ ያደረገው አባትሽ ከጎርዲ ፊት ነበር፤ ጎርዲ በምርኩዝ ከሚሄደው ከአሮጌው ሃርላን ፊት፤ ሃርላን በዚህ ዓመት ጡረታ የሚወጣ ሰው ነው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀመው እሱ ነበር። ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ለፓ ንያ ከሩቅ አሳያት። ሮዝ «ሃርላን፣ ምስጢር ነው እኮ» አለችው። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ምስጢር አለኝ» አላት።

ሐሳቡ ወደቀ። የወደቀውም በብዙ ድምፅ ነው፤ ነባሮቹ እንቢ ሳይሉ እንዲያ ሊሆን አይችልም። ሮዝ ውጤቱን ስታነብ የጮኸ፣ ያጨበጨበ የለም። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። ለምን እንደቆምን እንጃ። ፓ ንያ መጥታ አባትሽ ፊት ቆመች።

«ሽማግሌው፣ ሞኝ ነህ» አለችው።

«ነግረውኛል» አላት። ከዚያ ትከሻው ላይ ሆና አለቀሰች፣ እሱም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

ይህችን አገር የማውቃት ይመስለኝ ነበር። በቴሌቪዥን ስናያት ግማሿ ግማሿን የሚበላ አውሬ ናት። አሁንም ተዋድደናል፣ አንድ ሆነናል አልልሽም። በኖቬምበር ምርጫ ሲመጣ አባትሽና ጎርዲ ተመልሰው እንደሚናከሱ አልጠራጠርም፤ አንቺም በብዙው ነገር ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን በዓይኔ አየሁ። ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳያየው፣ በታጠፈ ወረቀት ሰው የራሱን ጥቅም ለሌላ ሰው ሲተው አየሁ። የሚመሩን ሰዎች ያን ቀን እዚያ ጂምናዚየም ጥግ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ደግሞም ባይኖሩ ይሻላል እላለሁ፤ ፎቶ ይነሡ ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብተን አባትሽ ሞተሩን ሳያስነሣ መሪውን ይዞ ቆየ።

«ስህተት ሠራሁ?» አለኝ።

«እሺ ብዬ ራሴን የነቀነቅሁልህ እኔ ነኝ።»

ከዚያ «ብሪታ እዚህ ብትኖር ምን ትል ነበር?» አለ።

ስምሽን ከአፉ ከሰማሁ ካቻምና ነው። «ቆማ ታጨበጭብልህ ነበር፣ ከዚያ ኮፍያህን አውልቅ ትልህ ነበር» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሐሙስ ዕለት ፋብሪካው ለሮዝ ደውሎ እንደገና እንነጋገር አላት። እስከ ዛሬ ለድርድር ተቀምጠዋል። ምን ይዘው እንደሚወጡ አላውቅም፤ ልንሸነፍም እንችላለን። ዓርብ ደግሞ ካቶሊኮች በጾማቸው ሥጋ ትተው በሚያዘጋጁት የዓሣ እራት ላይ የቅድስት አግነስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እስከ ደጁ ሞልቶ ነበር። ዓሣውን ጎርዲ ይጠብሳል፣ የፓ ንያ እናት የተጠበሰ የአትክልት ጥቅል ይዛ መጥታለች፣ ካቶሊክ ያልሆነውም ሁሉ መጥቶ ይበላል። ገቢው በመካከላችን ለታመሙት ነው አሉ። ሲበቃኝ ልወጣ ስል ሮዝ በጆሮዬ «ለሐኪምሽ ደውዪላት፣ ሌላውን ለእኛ ተዪው» አለችኝ። ምን ብዬ ላመስግን? ኮቴን መቆለፍ አቅቶኝ ፓ ንያ ናት የቆለፈችልኝ።

ደወልኩ። ዶክተር ሃልቮርሰን ቅዳሜ ቢሆንም ትናንት እንደገና አየችኝ። ከገና ወዲህ ትንሽ ለወጥ ብሏል አለች፤ ሐኪም እንደሆነ ነገር ማክበድ ይወዳል። ቀን ቆርጣልኛለች። ቀኑን አልጽፍልሽም፣ ተቀምጠሽ እንዳትቆጥሪው። ሥራሽን ጥለሽ ነይ የምልበት ምክንያትም የለኝም። ብቻ የፋሲካ ፈቃድ አለኝ ስትዪ ሰምቻለሁ። ያን ሰሞን በረዶው ይሰበራል፣ ወንዙ ይለቀቃል፤ ትንሽ ሆነሽ ከድልድዩ ላይ ማየት ትወጂው ነበር። እኔም ፊትሽን ማየት አምሮኛል፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ያን ቀን እዚያ አዳራሽ የነበረው ነገር፣ ስሙን የማላውቀው፣ አንቺም ባለሽበት አይለይሽ። በቀዝቃዛው አገር ሙቀት አያሳጣሽ። ደግ ጎረቤት ይስጥሽ፤ የተጣላሽውንም ያስታርቅሽ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
አርዲስ

ከረሳሁት፦ ለመምጣት ከቆረጥሽ የምትደርሺበትን ሰዓት ለእኔ ሳይሆን ለአባትሽ ደውለሽ ንገሪው። ስልኩን ያነሣል። ያን ሰሞን እኔ ላላነሣ እችላለሁ።