ሁለት እርምጃ ትርፍ ሽቦ

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የድሬ ሙቀት በረድ ሲል ይሻልሽ ነበር፣ ዘንድሮስ? ረመዳንን በሰላም እንደጨረስሽ፣ ትንሿ ፋሪዳም ትምህርቷን እንዳላቋረጠች ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አጎቴ ሪያድ ሰላም ብሎሻል። ብዙ አይናገርም እንጂ ጤነኛ ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ አባቴ ጠይቀሽኛል። የመቃብሩ ድንጋይ እንዳለ ነው። ማንም ቤት አልሠራበትም፣ ማንም አልነካውም። ፍየል እንዳይገባ አጎቴ ዙሪያውን እሾህ አጥሮታል። የመቃብር ቦታው በር ላይ ባሬ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ አለ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሱማሌኛዬ ገና ስለነበር የአባቴ ሐበሻ የት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ጥርስ በሌለው አፉ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሐበሻዋማ አንቺ ነሽ፣ ይኸው እዚህ ቆመሻል አይደል እንዴ አለኝ። ከዚያ መቃብሩ ለማለት «ሐባሻ» ነው የሚባለው፣ ባን ሳብ አድርጊያት፣ ካልሳብሻት ራስሽን ነው የምትጠሪው ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ስሄድ በሩ ላይ ያቺን ቃል ያስጠራኛል። ሳብ አድርጌ እላለሁ፣ ይስቃል፣ እገባለሁ። እዚህ አገር ሳላፍር የምናገራት ቃል እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ከዒድ ወዲህ ያልኩትን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም።

ከተማው እየተሠራ ነው። ከጦርነቱ ፍርስራሽ መሀል አዲስ ጣሪያ ያወጣ ሁሉ ጣሪያው እንዲታይለት ይፈልጋል። አባቴ በነበረ ጊዜ እሱና አጎቴ በየቤቱ ሽቦ ይዘረጉ ነበር፤ አሁን አጎቴና ኢዘዲን የሚባል የሥራ ባልደረባው ለሠርግና ለዒድ መብራት ይሰቅላሉ። ሰፈራችን ኮድቡር ውስጥ እነሱን የማያውቅ የለም። አምፖሉን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክረው ነው የሚወጡት፤ የሚያቆሙት ምሰሶ ደግሞ እንደ አሊፍ ፊደል ቀጥ ያለ ነው። አጎቴ ሽቦ ሲቆርጥ ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ትርፍ ይተዋል። መሬት የሚያስበውን አናውቅም፣ ድንጋይ ቢያጋጥመን ምሰሶውን ዞር እናደርጋለን ይላል። ይህን ያስተማረው አባቴ ነው።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ቡራሌ የሚባል ሰው መጣ። ከዐረብ አገር የተመለሰ ነጋዴ ነው። እዚሁ ከተማ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ይኖራል፤ ተራራው ሥር በተወለደበት መንደር ግን ሌላ ትልቅ ቤት ሠርቷል። ዘመዶቹ ለዒድ ከውጭ ስለሚመጡ ቤቱ ከዋናው መንገድ ላይ እንዲታይ መብራት ይሰቀልልኝ አለ። አጎቴ የገጠር ሰው ሱማሌኛ ስለሚፈጥንበት አንቺ አፍ ሁኚን ብሎ ይዞኝ ሄደ። እኔን! ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ለማለት ሁለቴ የማስበውን።

እናቴ፣ ብርዱን ብታይው! ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ የአምፖሉን ጥቅል መፍታት አቅቶኝ ነበር። በመንደሩ አንድም መብራት የለም። ሰዉ ከእንጨትና ከአሮጌ ጨርቅ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ተጠቅልሎ ያድራል። ከመሀሉ የቡራሌ ቤት ሮዝ ቀለም ተቀብቶ ተገትሯል። ዙሪያውን በግሬደር አስጠርጎ ድንጋይም ቁጥቋጦም አላስቀረም። እሱ መኪናው ውስጥ ሙቀት ለቆ ተቀምጦ በመፋቂያ ጥርሱን ይፍቃል፤ አንዳንዴ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ቶሎ በሉ ይልና እኛ ወደምንቆፍርበት ይተፋል። ሽቶው ከናፍጣው ሽታ ጋር ተደባልቆ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ይመጣ ነበር።

ሁለት ምሰሶ ቆመ። ሦስተኛው ጋ ኢዘዲን ዲጂኖውን ሲያነሳ አንዲት ሴት ከጎጆዋ ወጥታ እየሮጠች መጣች። ዛምዛም ትባላለች። መጀመሪያ ወደ ቡራሌ መኪና ሄዳ መስታወቱን መታች። መስታወቱን ዘጋባት። ከዚያ ወደኛ መጣችና መሬቱን በእጇ እየመታች ያችኑ አንድ ቃል ደጋግማ ጮኸች። ኢዘዲን ዲጂኖውን ተደግፎ ሳቀ። ሪያድ ስማ እንጂ፣ ሐበሻ ሐበሻ እያለች ትሰድበናለች፣ የከተማው ተሳዳቢዎች እዚህም ተራራ ላይ ተከተሉን አለ። አጎቴ ወደ መኪናው ዞሮ በዚያ በገበያ ሱማሌኛው ሐበሻን ትጠላለች እንዴ ብሎ ጠየቀ። ቡራሌ እኛን አየን፣ እሷን አየ። መፋቂያው አፉ ውስጥ እንዳለ አዎ፣ አዎ፣ ዕብድ ናት፣ ቆፍሩ አለና ሳቀ። እናቴ፣ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። እሱ እኮ የገዛ ቋንቋው ነው።

ሴትየዋ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ስደተኛ ጣቢያ ኖራ ነበርና የምታውቀውን አማርኛ ሁሉ አወጣች። የለም አለች። ነገ አለች። ዳቦ፣ ወረፋ አለች። ጣቢያ ውስጥ የሰማችው ይህንኑ ነበር። ኢዘዲን ወረፋ ያዢ እንግዲህ ብሎ ቀለደባት። ከዚያ እኔን አየችኝ። እጄን ያዘችና አፏን ወደ ፊቴ አስጠግታ ቃሏን ቀስ አድርጋ፣ ስባ ነገረችኝ። እጇ ከብርዱ የተነሳ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነበር።

አጎቴ ምን ትላለች ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። ሐበሻ ነው የምትለው አልኩት።

ኢዘዲን አላልኩህም ብሎ ዲጂኖውን ሰነዘረ።

ክንድ ያህል እንደቆፈሩ ድንጋይ መታ። ጠፍጣፋ፣ ሰፋፊ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ድንጋዮች ናቸው፤ ጠቅላላ ርዝመታቸው ከአንድ ልጅ ቁመት አይበልጥም። እናቴ፣ ለአባቴ እንደዚያ ያሉትን ድንጋዮች የመረጠው አጎቴ ራሱ ነው። ቀጥ ብሎ ቀረ። ኢዘዲን ኮፍያውን አወለቀና የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሴትየዋ መጮኋን አቁማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቡራሌ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። አጎቴ ወደኔ ሳያይ ኢዘዲንን ሲሚንቶውን አቅርብ አለው። ድንጋዮቹን ሳያነሱ ምሰሶውን ከላያቸው አቆሙት። ትርፉ ሽቦ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተኝቶ ነበር፤ ሁለት እርምጃ።

አጎቴ አስጠላኝ። ኢዘዲንም አስጠላኝ። የቡራሌስ አይወራ። በዚያው ቀን አፍጥር ላይ ደግሞ ሴትየዋ በጣሳ ትኩስ የፍየል ወተት ይዛልን መጣች። ጾመኞች ናቸው፣ መንገደኞች ናቸው አለች። አጎቴ አልቀበልም ብሎ ፊቱን አዞረ። ለኔ በእጄ ሰጠችኝ፤ ልጇ በሰባት ዓመቷ ከስደት በተመለሱ በወሩ በትኩሳት እንደሞተች፣ ግሬደሩ ምልክቱን ቢያጠፋባትም ከጎጆዋ ደጃፍ እርምጃ ቆጥራ እንደምታውቀው ነገረችኝ። ሁሉንም ሰማሁ። ወተቱን ጠጣሁት። ከመኪናው ጀርባ ሄጄ አስመለስኩት።

የዒድ ለት ሲመሽ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ቤቱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ሆኖ ብልጭ ድርግም አለ። ከውጭ የመጡት ዘመዶች አጨበጨቡ፣ የመንደሩ ልጆችም እየጮኹ ሮጡ። ቆንጆ ነበር፤ ይህም አስጠላኝ። ሦስተኛው ምሰሶ ጥልቀት ስላላገኘ ትንሽ አዘንብሏል። አጎቴ በሕይወቱ የተጣመመ ምሰሶ ትቶ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሴትየዋ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ ደግፋ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ፊቷ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። አላለቀሰችም። እኔን ብቻ ታየኝ ነበር፤ አጎቴን አይደለም፣ ኢዘዲንን አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ወደ አባቴ ሄድኩ። ባሬ እንደ ልማዱ በሩን በዱላው ዘግቶ ቃሏን ጠበቀ። አልወጣ አለችኝ። ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ፣ ዛሬ ያለ ቃልም ግቢ አለኝ። ከበሩ ተመለስኩ።

እናቴ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ፋሪዳ እንደሆነች አውቃለሁ። እሷ ልጅ ናት፣ ምንም አይገባትም፣ ምንም አትጠይቂያት። አንብባ ስትጨርስ ግን መጀመሪያ ላይ ስለ ዘበኛው የጻፍኩትን አንድ ጊዜ ደግማ፣ ቀስ ብላ እንድታነብልሽ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ወደ አባቴ ሌላ ሰው ይሂድልኝ ካልሽ ለአጎቴ መልእክት ላኪለት፤ አልቀየምሽም።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የተኛሽበትን መሬት ሰላም ያድርግልሽ። የአባቴንም፣ የዚያችን የዛምዛምን ልጅም፤ የልጅቷን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።

ከኮድቡር፣

ልጅሽ