አሜን የተባለበት ሥዕል

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት አለፈ። ነፍስህን ይማር ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሞተ ሰው አይጸለይም ትል ነበርና ተውኩት። አንተ ስልህም ትቆጣ ነበር፤ እዚህ ሆላንድ ያደገ ልጅ ታላቅ አያከብርም እያልክ። አሁንም አንተ ነው የምልህ።

ስሎተርቫርት ሰፈር ያለው ቤታችሁ ያው ነው። እማዬ ወንበርህን ለእንግዳ አትሰጥም፤ እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ሆን ብዬ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። ሩበንም አብሮኝ ይመጣል። እማዬ ሻይ እየቀዳችለት፣ ለጎረቤት የልጄ ጓደኛ ነው ትላለች። ጓደኛዬ አይደለም፣ ፍቅረኛዬ ነው፤ አንተ ይህን ያወቅህበትን ቀን ነው ዛሬ የማነሳብህ።

ሮተርዳም ሥዕሎቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሳይ፣ ልጄ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይሥላል ብለህ የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌዎች በባቡር ይዘህ መጣህ። ትልቁ ሥዕል ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል የሚያሳይ ነበር። ያዕቆብ እኔን ይመስላል፣ መልአኩ ሩበንን፤ ትግላቸውም አስተውሎ ላየው መተቃቀፍ ነው። እናንተ አላስተዋላችሁም። ሥዕል ፊት መጸለይ ጣዖት ማምለክ ነው ስትል የኖርክ ሰው፣ እጅህን ወደ ሥዕሉ ዘርግተህ ይህን ልጅና የእጁን ሥራ ባርክ ብለህ ጸለይክ። ድምፅህ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌዎቹ በአንድ አፍ አሜን አሉ። ወይን የያዙት ሆላንዳውያን የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡላችሁ።

ያኔ ሩበን ሊጨብጥህ መጥቶ ከሥዕሉ ሥር ቆመ። ፊቱን አየህ፣ ቀና ብለህ መልአኩን አየህ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። የዘረጋልህን እጅ እንደዚያው ትተህ፣ ወደ እኔ እያመለከትክ፣ ይህን ልጅ አላውቀውም አልክ፤ በአማርኛ፣ ሁሉም እየሰማ። ሩበን ሳልተረጉምለት ገባው። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ስልኬን አላነሳህም። ሆስፒታል ስመጣም ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ጠላሁህ፣ አባዬ። ድምፅህ ደግሞ ይናፍቀኛል፤ ለዚህም እጠላሃለሁ።

አሁን ሥዕሉ ዘ ሄግ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ሊሰቀል ነው። ሽማግሌዎችህ ይህን ሰምተው እማዬን ላኩብኝ፤ ከመሄዱ በፊት መጥተን ያኔ የጸለይነውን ጸሎት ከላዩ መልሰን እናንሳ፣ አባትህም ሲሞት የተጨነቀው በዚሁ ነው አሉ። እማዬ ዓይኔን ሳታይ ነው የነገረችኝ። በሬን አልከፍትላቸውም። ይስሐቅ ያዕቆብን ሌላው ልጁ መስሎት እንደባረከው፣ እውነቱን ሲያውቅም በረከቱን መመለስ እንዳልቻለ፣ ትንሽ ሆኜ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

አልረሳህም፤ ቃሌ ነው። አላውቀውም ያለውን አፍህንም፣ ስትባርከኝ የተንቀጠቀጠውን ድምፅህንም እኩል አስታውሳለሁ። ይቅርታዬን አትጠብቅ። አሜናችሁን ግን አልመልስም።

ልጅህ