ስፌት ቤታችን ያለው ዝሆን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ከሥራ መልስ እንግሊዝኛ ክፍል ገባሁ። መምህሯ አንድ የእንግሊዞች አባባል አስተማረችን፤ «ክፍሉ ውስጥ ያለው ዝሆን»። ሁሉም እያየው ማንም የማያነሳው ጉዳይ ሲኖር ይባላል አለች። «ለረቡዕ ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ጽፋችሁ ኑ።» ሳቅን። ዝሆን የሚያክል ነገር እንዴት ዝም ይባላል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
አባዬ ለምሳ እንደወጣ ወንድሜ የሱቁን በር ዘጋ። ጠዋት አባዬ የሰፋውን ሱሪ አነሳሁ። ስፌቱ ዳግም ጠሟል... ተርትሬ ሰፋሁት፣ ተኮስኩት፣ ቦታው መለስኩት። አባዬ ሲመለስ በጣቱ ዳበሰው።
«አየሽ? አርባ ዓመት የሠራ እጅ አይሳሳትም!»
ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንዲህ ስናደርግ ስንት ጊዜ ሆነን? ስድስት ወር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ስለ ጎረቤት ውሻ ቀባጥሬ ጽፌ ሄድኩ። መምህሯ «ይሄ ዝሆን አይደለም፣ ውሻ ነው» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔን አላሳቀኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ጉድ ፈላ። ደንበኛችን ነርሷ የሠርግ ልብሷን ጨርቅ ይዛ መጣች። እናቷ ከመሞታቸው በፊት የገዙላት ነው። ምትክ የለውም።
«አባባ፣ በእርስዎ እጅ ካልሆነ አላሰፋም።»
አባዬ ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ አላት። ስፌትስ ይተረተራል... የተቆረጠ ጨርቅስ?
ለእማዬ ነገርኳት። «ሆድ ይፍጀው ልጄ። ሥራውን ከቀማሽው ምን ይቀረዋል?» እውነቷን ነው። ግን...

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
መቀመጥ አቃተኝ። መርፌ ሁለቴ ወጋኝ። ወንድሜን «አንተ ንገረው» ስለው፣ «የሚወደው አንቺን ነው» አለኝ። ፈሪ! እኔስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
አባዬ የነርሷን ጨርቅ ዘረጋ። መቀሱን ከጠመኔው መስመር አንድ ጣት አርቆ ያዘ።
«አባዬ፣ አታይም!» ጮኼ ኖሯል።
መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ...
«እኔ የስፌቱን ጫፍ እንዳይተረተር ሦስቴ ወደ ኋላ እየሰፋሁ እመልሳለሁ። ከምሳ በኋላ የምዳብሰው አንዴ የተመለሰ ነው። መቼ ይነግሩኛል እያልኩ ስጠብቅ ከረምኩ።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»
«እናንተ ዝም ስትሉ እኔም ፈራኋ።»
አለቀስኩ። ወንድሜም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
የዓይን ሐኪም ቀጠሮው ለሐሙስ ነው። ጨርቁን እኔ ቆረጥኩት፤ አባዬ አጠገቤ ቆሞ እጁን ክንዴ ላይ አሳርፎ።
«እጅሽ ተንቀጠቀጠ።»
«አታይም ተብለሃል!»
ሳቀ። ደግሞ እንዴት እንደሳቀ... ነገ ለመምህሯ የማነበው ምሳሌ አለኝ። ዛሬ የመጀመሪያውን ስፌት ስጨርስ ጫፉን ሦስቴ መለስኩት።