ጨው ብቻ የሚያውቅ መርፌ

ሐረር፣ ነሐሴ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ጓደኛዬ እንደሻው፣

ካርዱ ላይ የምታየው ፈላና በር ነው። ትናንት በዚያ ገብተን አጎቴ ጋሽ አባይነህ የጀጎልን የጉድጓድ ውሃ በባትሪ በሚሠራ መሣሪያ ሲለካ ዋልን። ሁለት ዘንጎች ውሃው ውስጥ ሲነከሩ የመሣሪያው መርፌ ይነሣል። እማማ ሐዲያ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ስንደርስ መርፌው ዘለለ።

«እማማ፣ ጨው በዝቶበታል» አላቸው አጎቴ።

«ታዲያ ወጡ ላይ እቀንሳለኋ!» ብለው ሳቁብን።

እኔም ወንድሜን አስናቀን በቀበርን ማግሥት ከምንጫችን የቀዳሁትን ጠርሙስ አወጣሁ። ዘንጎቹ ሲነከሩበት መርፌው እምብዛም አልተነሣም።

«እማዬ እውነቷን ነው፤ ውሃው ንጹሕ ነው!» አልኩ።

«አይ ልጄ፣ ይህ የሚያውቀው ጨው ብቻ ነው። ወንድምህን የገደለውን ተስቦ አያየውም። አፍልቶ መጠጣት ነው» አለኝ አጎቴ።

«ምንጩ እኮ የሚካኤል ጠበል ነው፤ ጠበል ይፈላል እንዴ? እማዬ በጄ አትልም።»

እማማ ሐዲያ ይህን ሲሰሙ እጄን ያዙኝ። «የእኔም ጉድጓድ የወልይ ነው፣ እንደ ጠበላችሁ የተባረከ፤ ወላሂ ሳላፈላ አልጠጣውም። በረካ እሳት አይፈራም፣ ልጄ» አሉኝ።

እንደሻው፣ እኔ እስክመለስ እህቴ ጽጌሬዳ ከዚያው ምንጭ ትጠጣለች። ካርዱ እንደደረሰህ ሂድና የእኚህን ሴት ቃል ለእማዬ ንገርልኝ፤ ከእኔ ይልቅ አንተን ትሰማለች። ቦታ አለቀብኝ። ለእናትህና ለክፍላችን ልጆች ሰላምታዬን አድርስ። ጽጌሬዳን ግን የፈላውን ስትጠጣ አይተህ ሳምልኝ።

ዘውዴ