የኢንጀክተሮቹ ሳምንት

ማክሰኞ

ሦስተኛው ሲሊንደር ሞቷል! መካኒኩ ማሞ ዛሬ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ የጭነት መኪናችንን ሞተር አስነስቶ ናፍጣ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሄዱትን የናፍጣ ቱቦዎች ተራ በተራ ላላ አደረጋቸው። የመጀመሪያውን ሲያላላ ሞተሩ ተንገጫገጨ። ሁለተኛውም ላይ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም፤ ሞተሩ አላወቀውም።

"አየሽ ሰናይት? ይሄኛው ከነጭራሹ እየሠራ አልነበረም" አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። አራተኛውም ደክሟል።

ስለዚህ መኪናዋ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የምትተፋውና ጉልበት የምታጣው በኢንጀክተሮቹ ነው እንጂ አየር በሚገፋላት ተርቦ አይደለም። ተመስገን። ተርቦው ቢሆን አባባ ይታመምብኝ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ ተርቦ አልነበራትም። ከሌላ ተበታትኖ ከሚሸጥ መኪና አውጥቶ ከማሞ ጋር የገጠመላት እሱ ነው። "ሁለተኛ ልጄ" ይላታል። ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ካለው ጀምሮ የምነዳት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ ቤት ተቀምጦ በስልክ ይነዳታል።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ከፍስሐ ገነት በላይ ያለ ቀበሌ ሴቶች ተደራጅተው የገዙት ወፍጮ እዚህ ዲላ መጋዘን ተቀምጧል። ሌላ ሹፌር ፍስሐ ገነት ከተማ ድረስ ብቻ አወርዳለሁ፣ ዳገቱን አልሞክርም ብሏቸዋል። ከዚያ በላይ በሰው ሸክም መሆኑ ነው። እኔ ግን እስከ ደጃችሁ አደርሳለሁ ብያለሁ። አፌ!

ረቡዕ

የሴቶቹ ሰብሳቢ ታደለች ደወለች።

"ሰናይት፣ መኪናው ደህና ነው? እኛ መንገዱን ሠርተናል። ጭቃው ላይ ድንጋይ አልብሰናል። ሁሉም ሴት ወጥቷል።"

ደህና ነው አልኳት። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋይ አልብሰናል! በጀርባቸው ተሸክመው ነው እኮ።

ምሳ ላይ ከአባባ ጋር ተጨቃጨቅን። አዲስ ኢንጀክተሮች መግዛቱ ላይ ተስማምተናል፤ የቱን የሚለው ላይ ነው። እሱ የሚፈልገው ጫፋቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፋ ያለውን ነው። "ተርቦው አየር እንደልብ ይሰጣታል። ናፍጣውን ደግሞ ጨምሩላትና ተራራ ትገፋለች" ይላል፣ ማንኪያውን እንደ ማርሽ ዘንግ እያንቀሳቀሰ። ማሞ ሊበላ ተጠርቶ በመካከላችን ተያዘ፤ ምስኪን።

"ጋሼ፣ ናፍጣው ሲበዛ ሙቀቱም ይበዛል። ፒስተኑ የድሮው፣ ያለ ተርቦ የተሠራው ነው። ይቀልጣል።"

"እስከ ዛሬ ቀልጦ ያውቃል?"

"አንዴ ነው የሚቀልጠው፣ ጋሼ።"

እኔ ሳቅሁ። አባባ አልሳቀም። ያገለገሉትንም አንስተን ነበር፣ ታጥበው የሚሸጡትን፤ እነሱን ግን ሁላችንም ባንድ ድምፅ ጣልናቸው። ቢያንስ በአንድ ነገር ተስማማን።

ነገ በጠዋት ሐዋሳ እሄዳለሁ። የቱን ይዤ እንደምመለስ አላውቅም። ሞተሯን የሠራላት እሱ ነው፤ ዳገቱ ላይ መሪውን ይዤ የምቆመው ደግሞ እኔ።

ሐሙስ

ደክሞኛል ግን ልጻፈው።

አሮጌዎቹን ኢንጀክተሮች በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ናፍጣ እየሸተትኩ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ልጄ፣ ምንድን ነው?" አሉኝ። የመኪና ልብ ነው አልኳቸው። "እግዜር ይማርልሽ" አሉ፣ ከልባቸው።

የመለዋወጫ ቤቱ ሰውዬ ሦስት ዓይነት ዘረገፈልኝ። ያገለገሉት። አባባ የሚፈልጋቸው ሰፋፊዎቹ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከፋብሪካው ተርቦ ይዞ ለሚወጣው፣ ለኛዋ ወንድም ለሆነው ሞተር የተሠሩ። ቀዳዳቸው ከአሮጌዎቹ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ የአባባን ያህል አይጋነንም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ግን የማሞ ምክር ትዝ አለኝ፤ አካሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አይተሽ ብቻ አትተማመኚ፣ ከአሮጌው ጎን አቁመሽ ለኪው ብሎኛል። አቆምኩት። የአዲሱ ጫፍ ይረዝማል! የጥፍር ውፍረት ያህል ነው፣ ግን ይረዝማል። ቁጥሩም መጨረሻው ላይ ፊደሉ ይለያል።

"ያው ነው እህቴ፣ ሁሉም ሰው ይሄንኑ ነው የሚወስደው።"

"ያው ከሆነ ለምን የተለያየ ፊደል ጻፉበት?"

መሰላል አቁሞ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ መካከለኛ ቀዳዳ ያላቸው ሌሎች ኢንጀክተሮች የያዘ፣ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደ። ልክክ! ቁመቱም ቁጥሩም። እሱም ሳቀ፤ "ሹፌር ነሽ ወይስ መካኒክ?" አለኝ። ሹፌር አልኩት። ጮክ ብዬ።

ከመክፈሌ በፊት አባባ ጋ ደወልኩ። ሳያማክሩት ገዝቶ መግባት አላስቻለኝም። ስለ ሁለቱም ነገርኩት፤ ስለ ሰፋፊዎቹም፣ ስለ መካከለኞቹም። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"አለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ስለዚህች መኪና እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድም ቀን። መካከለኞቹን አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ቀጠነ።

"እሺ። የምትነጂው አንቺ ነሽ" አለና ዘጋው።

የናፍጣ መርጫ የሚፈተሽበት ፖምፓ ቤት ወስጄ በመሞከሪያው ላይ አስገጠምኳቸው። አሮጌው ሦስተኛ እንደ ሕፃን ልጋግ ተንጠባጠበ። አዲሶቹ ግን ... ጉም! የዲላ የጠዋት ጉም ነው የተፉት፣ ቀጭን፣ እኩል። ባለሙያው የመክፈቻ ግፊታቸውን አስተካከለልኝና "በቃ፣ ሂጂ አሩጫት" አለኝ።

ዓርብ

ማሞ ሲገጥም ቆሜ አየሁ። ከእያንዳንዱ ሥር ያለውን የመዳብ ቀለበት በአዲስ ቀየረ። አሮጌዎቹን አትድገም ብዬ አስቀድሜ ጨቅጭቄዋለሁ፤ እሱም "ጋሼን እየመሰልሽ ነው" አለኝ።

ቁልፉን አዞርኩ። አልተነሣችም። እንደገና። አልተነሣችም። ማሞ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለ አንድ ቱቦ አላላ፣ አየሩ ፍስስ ብሎ ወጣ፣ አጠበቀው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተነሣች።

ድምጿ ሌላ ነው። ድሮ ድንጋይ እንደሚያኝክ ሰው ነበረች፤ አሁን ታንጎራጉራለች። ማሞና እኔ ተያየንና እንደ እብድ ጮኽን። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሁሉ ሥራውን አቆመ።

አባባ ማታ ከራት ሲነሣ "ነገ እኔም እሄዳለሁ" አለ። ጉልበትህስ? አልኩት። "ተሳፋሪ ፍሪሲዮን አይረግጥም።"

እሑድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ከየት ልጀምር?

ወፍጮውን ጭነን በጠዋት ወጣን። ይርጋጨፌን አለፍን፣ ፍስሐ ገነት ደረስን፣ እስከዚያ አስፋልት ስለሆነ ሁሉም ቀላል ነው። ከዚያ ወደ ዳገቱ ታጠፍኩ። አባባ አጠገቤ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዟል። ከፊታችን ቀይ አፈር፣ ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና፣ መሃሉ ላይ ሴቶቹ ያለበሱት ድንጋይ ከታች እስከ ላይ ተዘርግቷል። አንድ በአንድ የተደረደረ።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ጎበጥ ያለው ቦታ ስንደርስ ፍጥነቷ ወረደ፣ ወረደ ... አባባ "ስጫት!" ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አይቼዋለሁ። ነዳጁን ትንሽ ጨመርኩ። ተርቦው አፏጨ፣ ከሥር ጉልበቷ መጣ፣ ገፋች። ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳትታፈን። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፦ ጥቁር ጭስ የለም፤ ቀዩ መንገድ ብቻ።

እላይ ደረስን። እልልታው! ታደለች በመስኮት በኩል እጄን ይዛ አልለቅ አለች። "ሴት ናት ያመጣችልን! ሴት ናት!" እያለች ለሁሉም ታወራለች።

ወፍጮው ግን ወርዶ ቦታው ከተተከለ በኋላ አልነሣ አለ። እሱም የናፍጣ ሞተር ነው። ሊያስነሣ የመጣው ሰው ላብ በላብ ሆነ። ሴቶቹ የበቆሎ ከረጢታቸውን አቅፈው ቆሙ። እኔ ከመኪናዋ ልወርድ ስል አባባ ቀድሞኝ ወረደ፤ እያነከሰ። "መፍቻ ስጡኝ" አለ። ቱቦውን አላላ፣ አየሩን በጣቱ እየዳሰሰ አወጣ፣ ናፍጣው ጠርቶ ሲመጣ አጠበቀ። "አሁን ምታው!" አለው ሰውዬውን።

ተነሣ።

የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ ታደለች በሁለት እጇ ተቀብላ አባባ ፊት ላይ ቀባችው። አባባ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ይስቃል። እንደዚህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው? የወፍጮውን እንክብካቤ ካላስተማርከን አትሄድም አሉት። እሱም መለመን አላስፈለገውም፤ እዚያው ቀረ። እኔ ባዶዋን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ፣ መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ።

ሰኞ

ማሞ ሞተሩን ከፍቶ አየው። አራተኛው ኢንጀክተር ሥር ትንሽ ናፍጣ እንደ ላብ ወጥቷል። ጠበቅ አድርጎታል፤ እንከታተላለን። ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው።

አባባ ደወለ። ከኋላው ወፍጮው ይጮሃል፣ ሴቶች ይስቃሉ፤ የሚለው ግማሹ አይሰማም። ሁለት ሴቶች ቱቦ ማላላት ችለዋል አለ። ሦስተኛዋ ከእሱም ትበልጣለች አለ። መቼ ልምጣና ልውሰድህ ብለው "እስቲ አያለሁ፣ ሥራ በዝቷል" አለኝ።

ሥራ በዝቷል! ጡረታ የወጣው ሰውዬ!

የሚመለስ አልመሰለኝም። ዓርብ ከገደብ ከተማ ጭነት ስላለኝ ስወጣም ስወርድም ጎራ ብዬ አየዋለሁ።