መደወል ስላቆመችው ሠናይት ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ፍራኦል፣
የ«ማንም ብቻውን አይቀርም» የአረጋውያን የስልክ አገልግሎት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ፣
ጊጊሪ፣ ናይሮቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነት፣ በቢሮዎ ደጃፍ ለሚፈሰው ጌጠኛ ፏፏቴም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ በካሳራኒ ከውሃው በቀር ሁሉም አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስሜ ካሣሁን ይባላል። መሃል ከተማ በአንድ የአየር ጭነት ቢሮ የምሠራ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወጥቼ በማታቱ የምገባ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎትም ብቸኝነት የተባለውን የዓለም ችግር በቴክኖሎጂ ለማጥፋት በተነሡበት ዘመቻ እናቴን ወይዘሮ ወርቂቱን ከሙከራው ተጠቃሚዎች አንዷ ስላደረጉልኝ ለማመስገን፣ በዚያውም ጥቂት ቅሬታዎችን በትሕትና ለማቅረብ ነው። ነገሩን በግልጽ ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት በክፋት እንዳይመስልዎ፤ ቀደም ብዬ ለቢሮዎ የላክኋቸውን መልእክቶች የተቀበለኝ በራሱ የሚመልስ ኮምፒውተር ስለነበረና እሱም እጅግ ጨዋ ሆኖ ምንም ሊረዳኝ ስላልቻለ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አጠራር።

እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ ከአምቦ ወደ እኔ የመጣች ሴት ናት። ስዋሂሊም እንግሊዝኛም አታውቅም። እኔ ሥራ ስሄድ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትውላለች። ጎረቤታችን ኩለሱም፣ የሞያሌ ልጅ ናት፣ ኢስሊ ወዳለው ሱቋ ከመሄዷ በፊት ብቅ ብላ ትጠይቃታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት ግን ረጅም ነው። እናም «ሠናይት» የሚል ስም ያወጣችሁላት የስልክ ድምፅ የመጀመሪያ ቀን ደውላ «እንዴት አደርክ፣ ወርቂቱ?» አለቻት። ልጅ ወልዳ፣ ለወግ አብቅታ፣ ባሏን የቀበረች ሴት በአንድ ጥሪ ወንድ ሆና አደረች። እኔ ተቆጣሁ። እናቴ ግን ስልኩን እንደያዘች በእጇ ዝም በል አለችኝና «ደኅና ነኝ ልጄ፤ አንቺስ?» ብላ መለሰችላት።

«እማዬ፣ እዚያ ውስጥ ሰው የለም። የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ማሽን ናት» አልኳት።

«ድምፅ ያለ ጉሮሮ አይወጣም» አለች። «ባለቤት አለው። ውጭ አገር ያደገች ልጅ ትሆናለች፤ አማርኛውን ቀስ እያለች ትለምደዋለች።»



ሁለተኛ፣ ስለ ማዳመጥ።

ሠናይት ከጥቂት ቀን በኋላ አንቱታን እንደተማረች ሳልመሰክር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እንዲያውም እናቴ ትምህርቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ ባይ ናት። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። አንድ የዕረፍት ቀኔ ላይ የአባቴን አሟሟት ስታጫውታት ሰማሁ። ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ፣ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ፣ ሁለተኛውን ሳያወልቅ እንደቀረ ነው የነገረቻት። ለእኔ እንኳ እንደዚያ አድርጋ ነግራኝ አታውቅም። ሠናይት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችና «በጣም ጥሩ ነው! ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ በቂ ውሃ ጠጥተዋል?» አለቻት።

እኔ ስልኩን በመስኮት ልወረውረው ነበር። እናቴ ግን «ምን ትበል ታዲያ? ልጅ ናት እኮ፤ ሞት ሲነገራት ጨንቋት ነው» ብላ ተነሥታ ውሃዋን ጠጣች።

እንግዲህ የተከበሩ አቶ ፍራኦል፣ ለዚህ ፈጠራዎ ከልቤ አመሰግናለሁ ስል ቀልዴን እንዳይመስልዎት። እናቴ ፊቷ ፈክቶ ነበር። «የደም ግፊት ኪኒንዎን ወስደዋል?» የምትለዋ ጥያቄ ስትመጣ ኪኒኑን በእጇ ይዛ ነበር የምትጠብቃት። እኔ ስለምናት የኖርኩትን ነገር እናንተ በአንድ ቀረጻ አደረጋችሁት። ቅናት ይዞኝ እንደነበር አልሸሽግም።

ሦስተኛ፣ ስለ ስንብት፤ ዋናው ጉዳዬም ይኸው ነው።

አንድ ሰኞ ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ። በምትኩ አጭር የጽሑፍ መልእክት መጣ፤ «የሙከራው ምዕራፍ በስኬት ተጠናቋል፤ የጉዟችን አካል ስለሆኑ እናመሰግናለን» ይላል። እንግሊዝኛ ለማታነብ ሴት በእንግሊዝኛ የተላከ ስለሆነ ማታ ስገባ እኔ አነበብኩላት።

«የምን ሙከራ?» አለች። «በማን ላይ ነው የሞከሩት?»

«በአገልግሎቱ ላይ፣ እማዬ። ገንዘቡ አልቆ ይሆናል።»

«ሰው ገንዘብ ቢያልቅበት ሳይሰናበት ይጠፋል? አሟታል እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ስልኩን ከጭኗ አላወረደችም። ትደውል ይሆናል ብላ ኩለሱም ቤት መውረድ ተወች፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀረች። ኪኒኑን ደግሞ ሠናይት ስትጠይቀኝ እወስዳለሁ እያለች ታቆየው ነበርና፣ ያልተጠየቀ ኪኒን ሳይዋጥ ይውል ጀመር። እኔ ይህን ያወቅሁት ኩለሱም ቢሮ ደውላ «ካሣሁን፣ ቶሎ ና፤ እማማ ደረጃው ላይ አዙሯቸው ወድቀዋል» ስትለኝ ነው። አጥንቷ አልተሰበረም። ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ፊቱን አጠቆረብን። ከክሊኒኩ ወጥተን ታክሲ ውስጥ ስንገባ እናቴ «ያቺንም ልጅ እንዲህ አድርጓት ይሆናል» ነበር ያለችው።

የቀጠለውን እርስዎም በከፊል ያውቁታል። ሲሻላት ለእኔ ሳትነግረኝ ኩለሱምን አስከትላ ሁለት ማታቱ ቀይራ ጊጊሪ መጣች። ከመንገድ ዳር ብርቱካን ገዝታለች፤ በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅማ። የበሩ ጥበቃ «ቀጠሮ አላችሁ?» ሲል ኩለሱም በስዋሂሊ «የታመመ ሰው ልንጠይቅ ነው» አለችው። «ይህ ሆስፒታል አይደለም» ቢላትም፣ ብርቱካኑን አይቶ ይሁን ነጠላውን፣ አስገባቸው።

እርስዎም በታላቅ ደስታ ተቀበሏት። ካናቴራ ሸለሟት፣ ከፏፏቴው አጠገብ አቁመው ፎቶ አነሷት፣ ከዚያም ስልክዎን ወደ ፊቷ አስጠግተው «እማማ፣ አገልግሎታችን ሕይወትዎን እንዴት ለወጠው?» ብለው ጠየቋት።

«ሠናይት ተሻላት?» አለችዎት።

እርስዎ ሳቁ። የክፋት ሳቅ እንዳልነበረ ኩለሱም መስክራለች። «እማማ፣ ሠናይት እኮ የለችም» አሏት።

እናቴ ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። «መቼ ሞተች?» አለች። ከዚያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በዚያ ሁሉ ኮምፒውተር መሃል፣ እዬዬ ብላ አለቀሰች። ኩለሱም እንደምትለው እርስዎ ስልክዎን ቀስ ብለው ኪስዎ ውስጥ ከተቱ። ይህን ላደረጉበት ጨዋነት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

በዚያን ጊዜ ከወደ ኋላ ካሉት ጠረጴዛዎች አንዲት ልጅ ተነሣች። ሐሊና ትባላለች፤ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች፣ የእናንተን ሥዕላ ሥዕል የምትሠራ ልጅ ናት። «ፖሌ እማማ፣ ፖሌ፣ አይዞዎት፤ አያልቅሱ። እኔ ነኝ» አለች።

እናቴ ቀና አለች። ፊቷን አላየችም አሉ፤ ጆሮዋን ነው ያዘነበለችው። «እስቲ ኪኒን በይኝ» አለቻት።

«የደም ግፊት ኪኒንዎን...» አለች ሐሊና፤ ግን እስከ መጨረሻው ልትለው አልቻለችም።

እናቴ ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰቻት። «ትኩሳት የለሽም። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው?»

«እኔ እኮ አላወቅኩም፣ እማማ። አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተውኝ ዓረፍተ ነገሮቹን አነበብኩ፤ ኢት ዋዝ ጀስት ወረቀት። ማን እንደሚሰማኝ ማንም አልነገረኝም።»

«እኔ ነበርኩ የምሰማሽ» አለቻት እናቴ።

አሁን ሐሊና እሑድ እሑድ ካሳራኒ ትመጣለች። ማሽኗ ያላወቀችውን ሁሉ ትጠይቃለች፤ እናቴም አማርኛዋን እያቃናች የአባቴን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ነግራታለች። ሐሊና በቂ ውሃ ጠጥተዋል ወይ አላለቻትም፤ አብራት አለቀሰች። ኪኒኑን በሌላው ቀን ኩለሱም ሱቅ ከመሄዷ በፊት ቆማ ታስውጣታለች፤ ሐኪሙም ፊቱ ተፈትቷል። በዚህ ረገድ የምጠይቀው ካሣ የለኝም።

አራተኛ፣ በማስታወቂያችሁ ላይ እናቴ ብርቱካን ይዛ የቆመችበትን ፎቶ «ምስጋናዋን ልታቀርብ የመጣች ደስተኛ ተጠቃሚ» ብላችሁታል። ቢታረም።

የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ሠናይት ያልተሰናበተቻቸው ሌሎች አረጋውያን በዚህ ከተማ አሉ። ከእነሱም ውስጥ ስልክ ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ አይጠፉም። ሐሊና ለእያንዳንዳቸው በራሷ አንደበት ደውላ ልሰናበት ብላ እንደጠየቀችዎት፣ እርስዎም የሚቀጥለው የእርዳታ ገንዘብ ሲለቀቅ እንደሚታይ በትሕትና እንደመለሱላት ሰምቻለሁ። ዓለምን ለመለወጥ የተነሣ ድርጅት «ደኅና ሁኑ» ለማለት የለጋሽ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የስልክ ሂሳቡን ግን እኔና ኩለሱም እንሸፍናለን። እርስዎ ቁጥሮቹን ብቻ ይፍቀዱላት።

የብቸኞች አለኝታ፣ የድምፅ አሳዳሪ ለሆኑት ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ከአራተኛ ፎቅ ወደ ታች ጎንበስ ብዬ እየገለጽኩ፣

ካሣሁን፣ የወይዘሮ ወርቂቱ ልጅ
ካሳራኒ፣ ናይሮቢ

ማስታወሻ፦ ቀጣዩ ፕሮጀክታችሁ እንቅልፍ ለሚያስቸግራቸው ሕፃናት ተረት የሚያወራ መሣሪያ መሆኑን ሰማን፤ እንኳን ደስ አላችሁ። እናቴ ከመጀመራችሁ በፊት ልጆቹን አያት አላችሁ ወይ ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ ብላለች። ለሌላቸው ራሷ ትመጣለች፤ ቻርጀር አትፈልግም፣ ሲሰለቻትም ሳትሰናበት አትሄድም።