ያሳጠርኩት መንገድ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃው ላይ አሁንም ቆም እያልሽ ነው የምትወጪው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

«ልጄ አዛውንቶችን በመኪና የምታገናኝ ናት» እያልሽ ለጎረቤት እንደምታወሪልኝ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉ አረጋውያን በአንድ መኪና ተጋርተው እንዲሄዱ፣ ማን ከማን ጋር በየት በኩል እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነኝ።

ከእነሱ መካከል ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅና አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ይሳፈራሉ፤ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሾፌሩ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ልብስ ሰፊው የአዋላጇን ኮት እያዩ «ይህን የሰፋው ሰው እጁ ይታሰር» ይሉ ነበር፤ አዋላጇም «እርስዎን ያዋለደችውስ መች ተቀጣች» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየኝ ግን አርባ ደቂቃው ብቻ ነው። አዘንኩላቸውና ለየብቻ በአቋራጭ መደብኳቸው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ፤ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ።

ሁለቱም መኪና መጥራት ተዉ። በሁለተኛው ወር አዋላጇ ደወሉልኝ። ለካ ጉዳይ ኖሯቸው አልነበረም የሚሄዱት፤ ገበያ ደርሰው አንድ ሎሚ ገዝተው ይመለሱ ነበር። ማክሰኞ መቼ ይቀራል ብለው ስልክ እንኳ አልተቀያየሩም። «እባክሽ ልጄ ከእኚያ ሰውዬ ጋር መልሺኝ፣ ኮቴን ሊያስተካክሉልኝ ነበር» አሉኝ።

መዝገቡን ከፈትኩ። ልብስ ሰፊው ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ስማቸው ከመዝገቡ እንዲወጣ ጽፎልን ነበር፤ የሰረዝኩትም እኔው ነኝ፣ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳላስብ። ለአዋላጇ ስነግራቸው አላለቀሱም። «ጠልቻቸው የቀረሁ መስሏቸው ሞቱ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ቤታቸው ብሄድም በር አልከፈቱልኝም። እማዬ፣ ይህ የሚጠገን ነገር አይደለም።

እህቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ዋናውን ንገሪኝ እያልኩ ስለማጣድፍሽ፣ ከመደወልሽ በፊት ወሬሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግማሹን ትሰርዢዋለሽ አሉ። ትናንት ራሴ ደውዬ ስለ ጎረቤትሽ ድመት ብጠይቅሽ፣ «ደህና ናት፣ ሥራ አላስፈታሽ» ብለሽ ዘጋሽው።

እህቴን፣ ዓይንሽ እንዳይደክም ይህን ስላነበበችልሽ አመስግኚልኝ። አጎቴን መነጽሩን ጭንቅላቱ ላይ ይፈልግ በዪልኝ። ጎረቤትሽንም፣ ድመቷንም ሰላም በዪልኝ። የሰረዝሽውን ወረቀት ግን ካልጣልሽው ላኪልኝ።

ልጅሽ
ከቢሮው ሦስተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን